ስም ጥሪ

ጠዋት ሁለት ሰዓት። ሳቢያን ገና አልጋለም።
አርባ ሁለት ስም እጠራለሁ፤ አርባ አንዱ "አለሁ" ይለኛል፤ አንዷ የለችም።
"ኢፍቱ አብዱረህማን!"
ዝም።
"ኢፍቱ!"
ከኋላ ወንበር ሳቅ ተነሣ፣ እስከ ፊት ደርሶ በረደ፤
ቀይ እስክሪብቶዬ ኤክስ ጻፈ፣ ትምህርቱ ወደ ሎጋሪዝም ነጎደ።

ድሬ ጎርፍን ታውቀዋለች። እኛ ላይ ጠብ አይልም፤
ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ነው፣ ውሻ እንኳ አይጮህም፤
ደንገጎ ላይ የዘነበው፣ ሌሊት በደቻቱ ወርዶ፣
የተኛውን ይዞ ይሄዳል፣ ግንቡን በደረቱ ንዶ።
ሲነጋ አሸዋ ነው። ኳስ ይጠለዝበታል።

ስልክም እንዲሁ ነው፤ በኛ ሰዓት ደረቅ፣
ዘበኛው በር ላይ ሰብስቦ በካርቶን የሚጠብቅ።
ዝናቡ ሌላ ቦታ ነው፤ ማታ፣ አጎበር ውስጥ፣
አንድ ልጅ ብቻውን ሲያነብ፣ ጣቱ ሲንቀጠቀጥ።

አምና ቁጥር አሥራ ሰባት ነበረ። ስሙን አልጽፍም፤
እናቱ በትምህርት ቤቱ በር ነው የምታልፈው።
"በድንገተኛ ሕመም" ተባለ ሰልፍ ላይ፤ ወንበሩን ስቶር ከተትነው።
መዝገቤ ላይ ዘጠኝ ቀይ ኤክስ ነበረው።
የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ቆጠርኋቸው።
አላነበብኋቸውም።

ዘንድሮ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ስንቅነሽ መጣች፤ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራዋ፣
መነጽሯን በጫማ ክር አንገቷ ላይ ያሰረችዋ።
"ኢፍቱ መጻሕፍቱን ሁሉ መለሰች፤ ቀኑ ሳይደርስ።
ካልኩሌተሯንም ለሐምዲ ሰጠቻት፤ 'ለኔ ምን ይሠራል' ብላ።
መምህር፣ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው
ካልኩሌተሩን የሚሰጥ ልጅ አይተው ያውቃሉ?"

ጠመኔውን እንደ ጨበጥሁ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ገንደ ቆሬ። ሰማያዊ ቆርቆሮ በር።
አባት በጅቡቲ መንገድ፣ ከመኪናው ጋር፤
እናት፣ "ራሷን አሟት ነው" አለችን፣
ያልተሸጠ ልብስ እያጣጠፈች ከበሩ ዳር።
ልጅቱ ምንጣፍ ላይ፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ፤ ስልኳ ተደፍቶ።

"አይዞሽ" አላልሁም። "ስልኩን ተይው" አላልሁም።
ስንቅነሽ ባጃጅ ውስጥ እንደ ነገረችኝ፣ ሳላለዝብ ጠየቅሁ፦
"ኢፍቱ፣ መሞት አስበሻል?"

ጥያቄው በር የሚከፍት መስሎኝ ነበር የፈራሁት።
በሩ ክፍት ነበር። ብቻዋን ነበረች የቆመችበት።

ቬንትሌተሩ ዞረ። ዞረ።
"አዎ፣ ቲቸር።"
ከዚያ ሌላው ሁሉ ወረደ፦
"ፊቴን ስቲከር አደረጉት። መጀመሪያ ለመሳደብ ነበር፤
አሁን እንደምን አደራችሁ ለመባባል እንኳ እሱን ነው የሚልኩት።"

እናቷ የያዘችውን ልብስ ጣለች፣ መሬት ተቀመጠች።
በዚያ ሌሊት አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሆነው አደሩ።
ጠዋት ሐኪም ቤት፤ ስንቅነሽ ቀድማ ወረፋ ያዘች።

ስቲከሩን የሠራው ነቢል ነው።
ዘጠነኛ ክፍል ሳለ፣ ሲንተባተብ ቀርጸው የሳቁበት።
ዳይሬክተሩ "ሰልፍ ላይ ይውጣ" አለ፤ ለመንሁት፤
ሌላ ስቲከር አንሥራ አልሁት።
ነቢል አጠፋው። አርባ ስልክ ግን አላጠፋም።

"ማን አየው?" አልሁ ክፍሉን። እጅ የለም።
ቆይቶ የሐምዲ እጅ፣ እስከ ጆሮዋ ብቻ፦
"አየሁ። አልሳቅሁም፤ ግን ዝም አልሁ።
ዝምታም ይላካል ወይ፣ ቲቸር?"
መልሱን አላውቅም። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፍሁት፤
እስከ ዓርብ ማንም አላጠፋውም።

አሁን አንድ ኤክስ ሲጻፍ፣ ከምሳ በፊት አንድ ሰው በእግሩ ይሄዳል።
ቤተ መጻሕፍቱ በምሳ ሰዓት አይዘጋም።
የአሥራ ሰባትን ወንበር ከስቶር አውጥተን
መስኮቱ ሥር አኖርነው፤ የከፋው ይቀመጥበታል።
አንዳንዴ እኔም።

ኢፍቱ አንዳንድ ቀን ትመጣለች፤ አንዳንድ ቀን አትመጣም።
ዛሬ ማክሰኞ ነው። ስሟን ጠርቼ ቀና አልሁ፤ አልቸኮልሁም።
ከመስኮቱ ማዶ፣ ደንገጎ ላይ፣ ደመና የመሰለ ነገር አለ።
"አለሁ" አለች፣ ለራሷ እንደምትነግር።

እስክሪብቶውን አስቀመጥሁ፤
አንድ ጊዜ ተራራውን አየሁ፣ አንድ ጊዜ እሷን።